ራቁታቸውን የመጡ ጣሳዎች

እኔ ባደግሁበት ቤት ምግብ አይነቀፍም ነበር። ወጡ ጨው ቢበዛበት «እጅሽ ይባረክ» ነው፤ ጨው ጭራሽ ቢረሳም «እጅሽ ይባረክ» ነው፤ ድስቱ አርሮ ጎረቤት ውሃ ይዞ ቢመጣም ያው እጅ ይባረካል። ከእኛ ከልጆቹ አንዳችን ፊታችንን ካጨማደድን እናቴ ምንም አትናገርም፤ ሳህኑን ብቻ አንሥታ ትሄዳለች። የቀረውን ትምህርት ረሃብ ይሰጠን ነበር። ረሃብ ደግሞ ጎበዝ አስተማሪ ነው፤ አርፍዶ አያውቅም።

ስለዚህ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ፣ የቤት አያያዝ ትምህርት ተምሬ፣ ስለ ምግብ ይዘት በእንግሊዝኛ ተፈትኜ፣ ጎባ ከተማ አስተማሪ ሆኜ እስክመደብ ድረስ «አልጣመኝም» የሚል ቃል ከአፌ ወጥቶ አያውቅም። ልበል ብልም ድምፅ የለኝም። ዓይን አፋር ነኝ። ክፍል ውስጥ ስም ስጠራ ተማሪዎቼ «አቤት» የሚሉት ከንፈሬን እያዩ ነው። የጎባ እናቶች «ዕውቀቱ ከብዷት ነው የማትናገረው» ይሉኛል፤ ስህተታቸውን ለማረም መናገር ስለሚያስፈልግ እንደዚያው ቀርቷል።

ባለቤቴ ብርሃኑ ግን የጂኦግራፊ አስተማሪ ነው። ስለ ወንዝ ሲያስተምር ወንዙ ራሱ ቆሞ የሚሰማው ይመስላል። ቤት ውስጥ «ጨው አቀብዪኝ» ሲል ከጎረቤት ጨው ይመጣል። እግዚአብሔር ለሁለት ሰው የሚሆን ድምፅ ለእሱ ብቻ ሰጥቶ፣ ኋላ ሲቆጨው እኔን የዳረለት ይመስለኛል።

በተጋባን ሰሞን አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከሐጂ ከድር ሱቅ አንድ ጣሳ ይዞ መጣ። ሐጂ ከድር ከጊኒር የመጡ ሽማግሌ ነጋዴ ናቸው። ሱቃቸው ፊት ለፊት ሲያዩት እንደ ማንኛውም ሱቅ ስኳር፣ ጨው፣ ላምባና ክር ነው። ከኋላ ግን አንድ መደርደሪያ አለ። ጠዋት ጠዋት ፀሐይ በበሩ ገብታ እዚያ መደርደሪያ ላይ ስታርፍ ጣሳዎቹ ሁሉ አንድ ላይ ይበራሉ። በየወረቀታቸው ላይ፣ በዚህ ዓለም የትም ያልበቀለ ቀይ ቲማቲም፣ ተይዞም ፈገግ የሚል ዓሣ፣ ፀጉሯ የስንዴ ነዶ የመሰለ ሴት ወተት ስትቀዳ። እዚያ ፊት ስቆም ሳላስበው ነጠላዬን አስተካክላለሁ። ሐጂ ይህን አይተው ይመስለኛል፣ እኔ ስገባ ባንኮኒውን ትተው ጣሳዎቹን በጨርቅ ይወለውሉልኛል።

ብርሃኑ ያመጣው አናናስ ነበር። በካራ እየታገለ ከፈተው፤ አንድ ጣቱም አብሮ ተከፈተ። ውስጡን አየሁ፤ ቢጫ ቀለበቶች ተደራርበው ተኝተዋል፣ እያንዳንዱ መሐሉ ላይ ቀዳዳ አለው። ውጭ የባሌ ብርድ ሣሩን አድርቆታል፤ ቱሉ ዲምቱ ተራራ ደመናውን እስከ አፍንጫው ስቧል፤ እኛ ቤት ጠረጴዛ ላይ ግን የሆነ አገር በጋ በብረት ታሽጎ፣ ባሕር ተሻግሮ፣ በጭቃ ተጎትቶ መጥቶ ገና ይጣፍጣል። እውነቱን ልናገር፣ ዕንባዬ መጣ። ብርሃኑ ጣቱን ያየሁ መስሎት «አይዞሽ፣ ትንሽ ነው» አለኝ።

ሁለታችንም ከቀመስን በኋላ «ከመቶ ስንት ትሰጪዋለሽ?» ሲል ጠየቀኝ።

በልማድ «በቃኝ» አልኩት።

«በቃኝ ቁጥር አይደለም።»

በሩን አየሁ። እናቴ ያለችው ብዙ አገር ርቃ ነው፤ ቢሆንም አየሁ። ከዚያ ቀስ ብዬ «ሰማንያ ሰባት» አልኩ። የቀረው ምን ሆኖ ነው አለኝ። ያኔ የሆንኩትን ዛሬም አላውቀውም፤ ብቻ መናገር ጀመርኩ። ውሃው ከፍሬው በላይ ስኳር እንዳለው፣ የቀለበቱ ውስጠኛ ጠርዝ ለማኘክ እንደሚያስቸግር፣ ብረቱ ምላስ ጫፍ ላይ ስሙን ትቶ እንደሚሄድ ነገርኩት። ስጨርስ ብርሃኑ ማንኪያውን አስቀምጦ ጣሳው ራሱ የተናገረ ያህል እያየኝ ነበር። ሰው በሕይወቱ መጀመሪያ ጊዜ «እንዴት ነው?» ተብሎ ሲጠየቅና እውነቱን ሲመልስ የሚሰማው ነገር ምን እንደሚባል አላውቅም። ከአናናሱ ግን ይጣፍጣል።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ የፈተና ቀን ሆነ። አቅማችን በፈቀደው መጠን ሐላዋ፣ ማርማላታ፣ ብስኩት፣ ሰርዲን፣ ጣፋጭ ወተት እናመጣለን። ብርሃኑ ካርታውን ይዘረጋና ዕቃው የመጣበትን አገር በጣቱ ይነካል፤ እኛም አገሩን እያየን እንበላዋለን። እሱ ለጋስ አራሚ ነው። በሰርዲን አጥንት ታንቆ እንኳ ሰባ ሰጥቷል። እኔ ግን፣ ዝንብ እሽ የማልል ሴት፣ እንደ ዳኛ ሆንኩ። ለብስኩት አርባ፣ ለማርማላታ ሃምሳ ሁለት፣ ለሳልሳ፣ ወጥ ውስጥ ሳይገባ በማንኪያ ስለቀመስነው፣ ሠላሳ አምስት።

አንድ ጨዋታ ደግሞ ነበረን። ከመክፈታችን በፊት ዓይኔን እጨፍናለሁ፤ እሱ ጣሳውን ጆሮዬ አጠገብ ይነቀንቃል፤ እኔ ምን እንደሆነ እናገራለሁ። ተሳስቼ አላውቅም። ይህን የምለው ለመኩራት አይደለም፤ የሚያፍር ሰው አፉ የተወውን ሥራ ጆሮው ይወስዳል፣ ያ ብቻ ነው። አናናስ ሲነቀነቅ ውሃው ቀድሞ ይደርሳል፣ ቀለበቶቹ ተያይዘው ይከተላሉ። አተር እንደ ጠጠር ዝናብ ነው። ጣፋጭ ወተት ጣሳው ዘንበል ካለ በኋላ ቆይቶ እንደ ባለሥልጣን ይመጣል። ሳልሳ ጭራሽ አይናገርም፤ ሳልሳና እኔ እንግባባለን። አንድ ጊዜ አብሮን የሚያስተምር ፈረንጅ የቆርቆሮ ሥጋ ሰጥቶን ነበር። ማን እንዳረደው ስላልታወቀ አመስግነን መለስንለት፤ ከመመለሳችን በፊት ግን ነቅንቀን ሰምተነዋል። ሥጋ ባለበት ይቆምና አንድ ጊዜ ብቻ የጣሳውን ጀርባ ይመታል።

የቤታችን ባለቤት እትዬ በላይነሽ በግድግዳ ወዲያ ይኖራሉ። ግድግዳው ጭቃ ነው፤ የብርሃኑ ድምፅ ደግሞ የብርሃኑ ነው። በየቅዳሜው «ሰማንያ ሰባት፣ አርባ፣ ሃምሳ ሁለት» ሲባል እየሰሙ ኖረው «እነዚህ ልጆች በዕረፍታቸው ቀን እንኳ የተማሪ ወረቀት ያርማሉ» ብለው ለሰፈሩ አወሩልን። የተማሪ ወላጆች መንገድ ላይ ጎንበስ ይሉልን ጀመር። አንድ እሑድ እትዬ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ አስቆሙኝና ያቺ ሠላሳ አምስት ያገኘችው ልጅ የማን ልጅ እንደሆነች ጠየቁኝ። አፌን ከፈትኩ፤ ዘጋሁት። «አይ፣ ስሟን አትንገሪኝ፣ እናቷ ታፍር ይሆናል። እኔ እንደሆነ ተስዬላታለሁ፤ ካለፈች ጧፍ አገባለሁ» አሉኝ።

ለሳልሳ የተሳለ ሰው በጎባ ታሪክ ከእሳቸው ሌላ ያለ አይመስለኝም።

እንግዲህ ነገሩ የከፋው በክረምቱ ማለቂያ ነው። ለሐጂ ከድር ዕቃ ጭኖ ከሻሸመኔ ይመጣ የነበረ ትሬንታ ኳትሮ የጭነት መኪና መንገድ ላይ ወንዝ ሲሻገር ቆመ፤ ከላይ ዝናብ ከታች ውሃ። ጎባ ሲደርስ ካርቶኖቹ ቡኮ ሆነዋል። የአንደኛው ካርቶን ጣሳዎች ወረቀታቸው ሁሉ ተልጦ፣ ዓሣው ከቲማቲሙ፣ ቲማቲሙ ከፀጉረ ስንዴዋ ሴት ጋር አንድ ጭቃ ሆኖ ቀርቷል። ጣሳዎቹ ራቁታቸውን መጡ። ሐጂ ጠርገው መደርደሪያው ላይ አሰለፏቸው፤ ሁሉም አንድ ዓይነት፣ ሁሉም ነጭ፣ እንደ ምልምል ወታደር። ያዘዙት ፍራፍሬና ሳልሳ ነበር፤ ላኪው ግን የጎደለውን ባገኘው ነገር የሚሞላ ሰው ነው።

ቅዳሜ ሁለታችንም ሱቁ ገባን። ሱቁ በሰው ሞልቷል። ብርሃኑ አንዱን አነሣና ነቀነቀው፤ ኳ አለ። ከዚያ ለሳቅ ብሎ፣ በዚያ ወንዝ በሚያስቆም ድምፁ፣ «ሐጂ፣ ይሄ የአሳማ ጆሮ ሳይሆን አይቀርም» አለ።

ማንም አልሳቀም። እኔ የሰማሁት አናናስ ነበር፤ ግን ማን ጠየቀኝ።

በአሳማ ጉዳይ ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ አንድ ቃል ናቸው። ወሬው ከሱቁ ሲወጣ ጆሮ ነበር፤ ገበያው ጋ ሲደርስ ጭንቅላት በቀለለት። ሮቤ ሲገባ ሙሉ አሳማ ሆኖ ጣሳው ውስጥ ያጓራ ነበር አሉ። ጊኒር ሲደርስ ወልዷል። በሳምንቱ የሐጂ ከድር ሱቅ በር ላይ ዝንብ ብቻ ቀረ፤ ስኳሩም፣ ላምባውም፣ ክሩም አሳማ ነክቶታል ተባለ። እትዬ በላይነሽ ከዚያ ሱቅ የገዙትን ሳሙና ሳይቀር ውጭ አስቀመጡት።

ይህም ባልከፋ። ለሐጂ የዓመት እንጀራቸው ግን ያ ወቅት ነው። በየዓመቱ ከዶዶላና ከአዳባ በኩል ወደ ሼክ ሁሴን መቃብር ለዝያራ የሚሄዱ ተጓዦች ጎባ ያርፋሉ፤ መሪያቸው ሼክ አልዬ የመንገዱን ስንቅ፣ ቴምሩንም ሐላዋውንም ስኳሩንም፣ ከሐጂ ከድር ያስጭናሉ። ሐጂ ለዚያ ሲሉ ያላቸውን ሁሉ አውጥተው መጋዘናቸውን ሞልተዋል። ሼክ አልዬ አሳማ ገብቷል ከተባለበት ሱቅ ቴምር የማይገዙ ከሆነ ሐጂ ሱቁን ዘግተው ወደ ጊኒር ከመመለስ ሌላ ምርጫ አልነበራቸውም።

ሐጂ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ቤታችን መጡ። ብርሃኑ ከወንበሩ ተነሥቶ የሚይዘው አጣ። ይቆጡናል ብለን ስንጠብቅ የብርሃኑ ጣት ዳነ ወይ ብለው ጠየቁ፤ እንዲህ ያለ ሰው ሲቆጣ ይሻላል። ብርሃኑ ጣሳዎቹን ወስዶ ወንዝ ልጣላቸው አለ።

«ከጣልኳቸው እውነት ነበር ይባላል» አሉ ሐጂ። «ብከፍታቸው ደግሞ ምን እንደሚወጣ እኔም አላውቅ። ላኪው ሥጋ ልኮብኝ ቢሆንስ፣ በገዛ እጄ?»

እኔ ወለሉን እያየሁ «አንዱ አናናስ ነው» አልኩ።

ሐጂ አልሰሙኝም። ብርሃኑ ግን ሰማኝ፤ ይህን ድምፅ ከሚሰሙ ጥቂት ሰዎች አንዱ እሱ ነው። ዓይኑ ሲበራ አየሁና ወዲያው ተጸጸትኩ። የቅዳሜውን ጨዋታ በሙሉ ለሐጂ ነገራቸው፤ ማጋነን በማይቻልበት ቦታ ሁሉ አጋንኖ። በማግስቱ በጓሮ በር ገብቼ ጣሳዎቹን አንድ በአንድ ልሰማ፣ ፍራፍሬው ከሌላው ሊለይ ተስማማን። ማንም ሳያይ መሆኑ ለእኔ ከሁሉ የበለጠ ነጥብ ነበር።

በማግስቱ ግን የገበያ ቀን ነው። በጓሮ በር ስገባ ሼክ አልዬ በፊት በር ገቡ። ወሬውን መንገድ ላይ ሰምተው ተጓዦቻቸውን ይዘው ቀድመው ደርሰዋል። ረጅም፣ ጢማቸው ነጭ፣ ሲሄዱ በትራቸው ቀድሞ መሬቱን የሚጠይቅላቸው ሽማግሌ ናቸው። ሰላምታው እንደ አገሩ ረዘመ፤ የሰው ጤና፣ የከብት ጤና፣ የዝናብ ጤና ተጠየቀ፤ «ነጋያ» ተባለ፣ «አልሐምዱሊላህ» ተባለ። ከዚያ ሼክ አልዬ ሐጂ ጣሳዎቹን ከመደርደሪያው ሰብስበው ያስቀመጡበትን ካርቶን በበትራቸው ጫፍ ነኩ።

«ይኸው ነው?»

ሐጂ አዎ አሉ። ካርቶኑ ከሱቁ ወጥቶ ሜዳው ላይ ይቀመጥ ተባለ። ሲቀመጥ ገበያው ዞሮ መጣ። በግ የሚሸጠው በጉን ይዞ፣ ቅቤ የምትሸጠው ቅሏን አዝላ፣ እትዬ በላይነሽም ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ አድርገው። ብርሃኑ አንዱን ልክፈትና ይታይ አለ።

ሼክ አልዬ ራሳቸውን ነቀነቁ። «አንዱን ብትከፍት ያ አንዱ ይጸዳል። የአንዱ ሆድ ለሌላው አይመሰክርም።»

«እንግዲያው ባለቤቴ ሳይከፈት ታውቀዋለች» አለ ብርሃኑ። ይህን የሰማው ገበያው ብቻ አይመስለኝም፤ ጎባ በሙሉ ሰምቷል።

ሁሉም ዞሮ አየኝ። እትዬ በላይነሽ ከኋላ «እሷ? እሷ ትናገራለች እንዴ?» ሲሉ ሰማሁ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ከመቶ መቶ እሰጣት ነበር። ሼክ አልዬ ቆይተው አዩኝ። ከዚያ ጎንበስ ብለው ከካርቶኑ መሐል፣ እንደ ፈታኝ ከታች ጎትተው፣ አንድ ጣሳ አወጡና ሰጡኝ።

«እስኪ፣ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ይሄ ምን ይላል?»

ጣሳውን ወደ ጆሮዬ አቀረብኩ። በጉ ጮኸ፤ ሰውዬው አፉን ያዘው። አንዲት ሴት የሚያለቅስ ልጇን ጡት አጎረሰች። አህዮቹ እንኳ ቆሙ ብል ማጋነን ይሆናል፣ ግን የቆሙ መሰለኝ። ያ ሁሉ ሰው፣ ያ የሚያገሳ የጎባ ገበያ፣ እኔ እንድሰማ ብሎ ዝም አለ። በሕይወቴ ሙሉ የሰው ጫጫታ መሐል ጥግ ፈልጌ ነው የኖርኩት፤ ሕዝብ ለእኔ ዝም ሲል መጀመሪያዬ ነበር። ከተራራው የሚወርደው ነፋስ ብቻ ይሰማ ነበር። ነቀነቅሁት። ውሃው ቀድሞ ደረሰ፤ ቀለበቶቹ ተያይዘው ተከተሉ።

«አናናስ» አልኩ።

«አናናስ ብላለች» አለ ብርሃኑ ለገበያው።

ከፈተው። አናናስ ነበር። «ያ አላህ» የሚልና «በስመ አብ» የሚል ድምፅ አንድ ላይ ተነሣ። ሼክ አልዬ ፊታቸው አልተለወጠም፤ ሌላ መረጡ። ነቀነቅሁት፤ ዝም አለኝ። ሳልሳ አልኩ፣ ብርሃኑ ደገመው፣ ተከፈተ፣ ሳልሳ ሆነ። ሦስተኛው አተር ሆነ። አራተኛው እንደገና ሳልሳ ነበር፤ እዚህ ላይ ግን ሰላም ስለተሰማኝ ይሁን እንጃ፣ ልማድ አመለጠኝ።

«ሳልሳ። ሠላሳ አምስት።»

«ሳልሳ፣ ሠላሳ አምስት ብላለች» አለ ብርሃኑ፤ የነገሩትን ሁሉ የሚደግም ሰው ነው።

ሼክ አልዬ ሠላሳ አምስቱ ምን እንደሆነ ጠየቁ። ብርሃኑ መልስ ሳይሰጥ እትዬ በላይነሽ ሰው እየገፉ ወደ ፊት መጡ። ነጠላው ከአፍንጫቸው ወርዷል። ጣሳውን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ብርሃኑን አዩ።

«ሠላሳ አምስቷ ይቺ ናት?»

በራሴ «አዎ» አልኩ።

«ሰማንያ ሰባቱስ?»

ወደ አናናሱ ጠቆምኩ።

«እመቤቴን። እኔ ለሳልሳ ነው የተሳልኩት?» አሉ፤ ቀጥለውም ዝግ ብለው፣ «ልጄ፣ ለመሆኑ አለፈች?»

ገበያው ሳቀ። ነገሩ ለማያውቁት ሲተረጎምላቸው በኦሮምኛም ሳቀ፤ ሳቁ ወደ ኋላ እየሄደ በግ ተራ ደረሰና ተመልሶ መጣ። ሼክ አልዬ ጢማቸውን በእጃቸው ሸፈኑ። ያን ጊዜ ሐጂን አየኋቸው፤ ከሳምንታት በኋላ መጀመሪያ ጊዜ ፊታቸው ተፈትቷል። ከዚያ ወዲህ ሥራው ቀለለ። ሼኩ አሁን አያስከፍቱም፤ እኔ እሰማለሁ፣ እናገራለሁ፣ ጣሳው ወደ ሱቁ ይመለሳል። አናናስ፣ ኮክ፣ ሳልሳ፣ አናናስ። ካርቶኑ ጎደለ። ተጓዦቹ እርስ በርስ መወያየት፣ አንዳንዶቹም የቴምሩን ጆንያ በሩቅ መገመት ጀመሩ።

የመጨረሻውን ሼክ አልዬ ራሳቸው አንሥተው ሰጡኝ። ነቀነቅሁት።

ደግሜ ነቀነቅሁት። ውሃ አለው። ውስጡ ያለው ነገር ግን እንደ አናናስ አይከተልም፣ እንደ አተር አይበተንም፣ እንደ ሥጋም ጀርባውን አይመታም። አንድ ጊዜ ይሄዳል፤ መሐል መንገድ ላይ የሆነ ነገር ትዝ እንዳለው ይቆማል፤ ከዚያ በሌላ በኩል ይመጣል። እንዲህ ያለ ነገር ሰምቼ አላውቅም።

ሰዉ ይጠብቃል። ሐጂ ይጠብቃሉ፤ ዓይናቸው ጣሳው ላይ ሳይሆን ከንፈሬ ላይ ነው። አንድ ቃል ብቻ ነበር የቀረው። ብርሃኑ ጠጋ ብሎ፣ በሕይወቱ አንሾካሹኮ የማያውቀው ሰው፣ «አናናስ በይና ይለቅ፤ ማን ይከፍተዋል?» አለኝ። እውነቱን ነው፣ ማንም አይከፍተውም ነበር። አናናስ ብል ሁሉም ይጸዳል፣ ቴምሩ ይጫናል፣ እኔም ቤቴ ገብቼ በሬን እዘጋለሁ። እንደ ጥንቱ «እጅዎ ይባረክ» ማለት ነው፤ ሲያስተምሩኝ የኖሩት እሱን ነው።

«አላውቅም» አልኩ።

ሼክ አልዬ በትራቸውን ተደግፈው ጎንበስ አሉ። «አስተማሪ ነሽ አሉኝ። ይህን ሁሉ ታውቂና ይሄን አታውቂም?»

«አላውቅም።»

ይህንን ብርሃኑ አልደገመውም። አላስፈለገም፤ ገበያው በሙሉ ሰምቶታል። እኔም ሰማሁት፤ ያ ድምፅ የእኔ መሆኑን ለማወቅ ትንሽ ጊዜ ፈጀብኝ።

ሐጂ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሼክ አልዬ ጣሳውን ከእጄ ወስደው እሳቸውም ጆሯቸው ላይ አድርገው ነቀነቁት፤ ፊታቸው ላይ ያ የእኔ ግርምት ሲያልፍ አየሁ። መልሰው ሰጡኝ። ከዚያ ዞረው፣ ስለ አሳማም ስለ እኔም አንዲት ቃል ሳይናገሩ፣ «ከድር፣ ቴምሩን አውጣ፤ መንገዱ ሩቅ ነው» አሉ።

ሐጂ ወዲያው አልተነቃነቁም። ሼኩ ግራ ተጋብተው አዩአቸውና «ምን ትጠብቃለህ? ያላወቀችውን አላውቅም ካለች፣ አውቃለሁ ያለችውን ማን ይጠረጥራል?» አሉ።

ጆንያዎቹ እስኪመሽ ተጫኑ። እትዬ በላይነሽ ሳሙናቸውን ወደ ቤት አስገቡ። ያቺን የመጨረሻዋን ጣሳ ግን ሐጂ ሱቃቸው አላስገቧትም፤ በጨርቅ ወልውለው በሁለት እጃቸው ሰጡኝ። «ያንቺ ናት» አሉኝ። «ከከፈትሻት ግን፣ በአላህ፣ እንዳትነግሪኝ።»

ይኸው እቤታችን መደርደሪያ ላይ፣ ከብርሃኑ ካርታ በላይ ተቀምጣለች። ቅዳሜ ሌላውን ሁሉ ቀምሰን ነጥብ ከሰጠን በኋላ አወርዳታለሁ። ዓይኔን እጨፍናለሁ፤ ብርሃኑ ይነቀንቃታል። ትሄዳለች፣ ትቆማለች፣ በሌላ በኩል ትመጣለች። ብርሃኑ የቱ አገር ላይ ጣቱን እንደሚያሳርፍ አያውቅም፤ እጁ ካርታው ላይ ከባሕር ወደ ባሕር ይንከራተታል። መክፈቻ ገዝተናል። አላነሣነውም። በዚህ ብርዳም ከተማ፣ በዚህ ጭቃ ግድግዳ ውስጥ፣ የማናውቀውን ነገር በእጃችን ይዘን መቀመጣችን ሁለታችንንም ዝም ያሰኘናል፤ ብርሃኑን ሳይቀር።

ያን ጊዜ ነው እትዬ በላይነሽ ግድግዳውን የሚመቱት። አሁን ሁሉን ስለሚያውቁ እንቅልፍ አይወስዳቸውም።

«ልጄ፣ ለዚያችኛዋስ ስንት ሰጠሻት?»

«ገና እያረምኳት ነው» እላለሁ፤ በግድግዳ ወዲያ እስኪሰማ ድረስ።